መቆለፍ ብቻውን መጠበቅ አይደለም

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ በሁላችንም አፍ ይገኛል፤ በሥራ የሚያውለው ግን ጥቂት ነው። በተለይም እኛ ከትምህርት ገበታ ተነሥተን ወደ መሥሪያ ቤት የገባን ወጣቶች፣ የጻፍነውንና ያጠናነውን ሁሉ ለላፕቶፕና ለክላውድ አደራ ሰጥተን በሰላም እንተኛለን። አደራው በምን ሁኔታ እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምር። ከስድስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር ያለውን የቀጨኔን ሰፈር የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም ማለት ይቻላል። ጀበናውና ምጣዱ፣ ድስቱና እንስራው ከዚያ ይመጣል። እንደሚታወቀው የሰፈሩ ባለሙያዎች በእጃቸው ሥራ ምክንያት ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ከቤተ እስራኤል ጋር የተያያዘ፣ ለማንም የማይነገር የዘር ታሪክ ያላቸው ቤተሰቦችም አሉ።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ቀጨኔ ወጥቶ፣ አንዲትን ሸክላ ሠሪ እናት ስለ ኑሯቸው አናግሮ ድምፃቸውን ቢቀዳ፣ የያዘው ነገር ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ምስጢር ነው፤ ለሌላ ጆሮ ቢደርስ እሳቸውንና ልጆቻቸውን ሊያሳፍር ወይም ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የማይደገም ነው። ጀበና ቢሰበር ሙያው በእናትም በልጅም እጅ ስላለ ሌላ ይሠራል፤ የእኚያ እናት ቃል ግን ከጠፋ፣ እሳቸውም ካለፉ፣ ማንም መልሶ አያመጣውም። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ግዴታ አለበት፤ እነዚህም መሰወርና ማቆየት ናቸው።

በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሹምም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም። የባለጉዳዩ ስም፣ የመታወቂያው ቁጥር፣ የሕመሙ ወይም የዕዳው መዝገብ በእጁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን የመሰለውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ አድርጎታል።

መሰወሩን ብዙዎች ተምረዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ክሪፕቶማተርን የመሳሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ፎልደሩን በይለፍ ቃል ቆልፈው፣ ወደ ክላውድ የሚወጣው ፋይል ለሌላው ሰው ትርጉም የሌለው ፊደል እንዲሆን ያደርጋሉ። ኢንክሪፕሽን የሚባለው ይህ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ «ተቆልፏል፣ ክላውድም ላይ ወጥቷል፣ እንግዲህ ተጠብቋል» ይባላል። መቆለፍ ከሌባ ዓይን ያድናል እንጂ ከጥፋት አያድንም።

ክላውድ በተለመደው አሠራሩ መስታወት ነው እንጂ ጎተራ አይደለም። በላፕቶፑ ላይ የተሰረዘው በዚያም ይሰረዛል፤ የተበላሸውም ተበላሽቶ ይታያል። በጎግል ድራይቭ ወደ ቅርጫት የተጣለ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ጨርሶ ይጠፋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች የሰውን ፋይል በሌላ ቁልፍ ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ እንደ ነበረ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ቫይረስ የነካውን ፋይል መስታወቱ ተቀብሎ በደኅናው ፋይል ምትክ ያስቀምጠዋል። የኢንተርኔቱ መስመር ራሱም ዋስትና የለውም፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን።

«ይህ የድኃ አገር ችግር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ደቡብ ኮርያ ይመልከት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ የመንግሥት የኮምፒዩተር ማእከል በባትሪ እሳት ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያስቀመጡበት ጂ ድራይቭ የተባለው ክላውድ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ጠፋ። ከውጭ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኒክ ከዓለም ግንባር ቀደም የሆነ አገር በዚህ ከተያዘ፣ እኛ በምን እንመካለን?

የእኛ ሊቃውንት ግን ይህን ነገር ቀድመው አስበውበታል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተከናውኗል። በዚህም ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ሲነሡ፣ አንዱ ፊልም በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኔሶታ በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደረገ። በዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መዝገባቸውን በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ብራናው አንድ፣ ፊልሙ ሁለት፣ ቦታውም ሦስት መሆኑ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተጋዙት መጻሕፍት እንዲህ ያለ ምትክ እንዳልነበራቸው ስናስብ የሥራው ጥቅም ይገባናል።

አንዳንድ ጠንቃቃ ሰዎች «ቅጂ በበዛ ቁጥር ምስጢር የመውጣቱ አደጋ ይበዛል» ይላሉ። ቃላቸው እውነት አለበት፤ መልሱ ግን ቅጂን መተው ሳይሆን፣ የተቆለፈውን እንደ ተቆለፈ መቅዳት ነው። ፎልደሩን ከፍቶ በግልጥ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው የቆለፈውን በገዛ እጁ ፈታው። በላፕቶፑ ላይ ያለው የተቆለፈው ፎልደር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ቢገለበጥ ግን፣ ዲስኩ ታክሲ ውስጥ እንኳ ቢረሳ የሚያነበው አይኖርም።

ይህንንም በየዕለቱ በእጅ እንሥራ ብንል አንዘልቀውም፤ የሰው ልጅ ይዘነጋል፣ ፈተና ሲደርስ ወይም ሪፖርት ሲጣደፍ ደግሞ ይብሱን ይረሳል። ስለዚህ ሥራውን ለማይረሳው መስጠት ይገባል። ዱፕሊካቲን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ በተቀጠረላቸው ሰዓት ራሳቸው ተነሥተው የተለወጠውን ብቻ ይቀዳሉ፣ የዛሬ ሳምንቱንና የዛሬ ወሩንም መልክ ለይተው ያኖራሉ።

ሆኖም ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ፋይሉ በክላውድ ብቻ ተቀምጦ በላፕቶፑ ላይ ስሙ ብቻ የሚታይበት አሠራር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቀጂው ሶፍትዌር የሚቀዳው ነገር ላያገኝ ይችላል፤ ፋይሎቹ በላፕቶፑ ላይ እንዲገኙ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በቬራክሪፕት የሚሠሩትን ይመለከታል። ይህ ሶፍትዌር ሁሉን በአንድ ትልቅ ፋይል ቆልፎ፣ ውስጡ ሲለወጥ የፋይሉን ቀን ሳይለውጥ ይተወዋል፤ ቀን አይቶ የሚቀዳው ሶፍትዌርም «አልተነካም» ብሎ ያልፈዋል። ቀኑ እንዲለወጥ በማስተካከያው ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛውና ዋናው ቁልፉ ነው። የይለፍ ቃሉ ቢረሳ፣ የማዳኛ ቁልፉም ባይኖር፣ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች እንኳ አይከፍቱትም። ስለዚህ ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ከላፕቶፑም ከዲስኩም ተለይቶ በሚታመን ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ፣ ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ ተብሎ አይቆጠርም። በወር አንድ ጊዜ ከተቀመጠው ቅጂ አንዱን ፋይል መልሶ አውጥቶ፣ ቆልፉን ፈትቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ! በእጃችን ያለው ጽሑፍ የእኛ ብቻ አይደለም። አምነው የነገሩን እናቶች፣ መዝገባቸውን ያስረከቡን ባለጉዳዮች ንብረት ነው። እነሱ ምስጢራቸውን እንድንሰውርላቸው ብቻ ሳይሆን፣ ቃላቸውንም እንድናቆይላቸው አደራ ብለውናል። ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኸው ውሻ እንዳንቆጠር፣ ዛሬውኑ ሰዓቱን ለሶፍትዌሩ እንቅጠርለት፤ ቁልፉንም በወረቀት እንጻፍ።