ርስትና ጠመንጃ



ይህ እትም የጎጃም ገበሬና ጠመንጃው ለምን እንዳልተለያዩ ይጠይቃል። ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣና ቢቸና ጠመንጃ ከርስት ቀጥሎ የሚጠራ ሀብት ነው። በሬውን ሸጦ የሚገዛ አለ፤ በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶም ከሟቹ ልብስ ጋር ይወጣል።

አሜሪካውያን መሣሪያ የመያዝ መብታቸውን እ.ኤ.አ. በ1791 በሕገ መንግሥታቸው ማሻሻያ አጽድቀዋል። የእኛ ገበሬ እምነት ግን የመጣው ከኖረበት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እነ በላይ ዘለቀ ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ሲዋጉ አይቷል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣበት ደግሞ መሬቴ ሊለካ፣ ጠመንጃዬ ሊገፈፍ ነው ብሎ ሸፈተ። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ በኋላ ግን ግብሩን ተወለት። ያልታጠቀ አይደመጥም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?

እምነቱን እረዳለሁ፤ አልጋራውም። ያው ጠመንጃ በደም መመላለስ ስንቱን ቤት ዘግቷል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት በገባበት አገር ግን ትጥቅህን አስመዝግብ ማለት ለሰሚው ሌላ ትርጉም አለው። ንባባችሁን ደም ካደረቁ ሽማግሌዎችና ልጆቻቸውን ከቀበሩ እናቶች ቃል እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ።

አዘጋጁ