ኪችን አይላንዴ ከምናለሽ ተራ ነው

ሰሞኑን ቲክቶክ የሚያሳየኝ ኪችን ብቻ ነው። መሃል ላይ እብነ በረድ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከላይ የተንጠለጠሉ አምፖሎች፣ ዙሪያውን ረጃጅም ወንበሮች። “ኪችን አይላንድ” ይሉታል። የእኔ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ኪችን ሁለት ሰው ከያዘ ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል። ግን አማረኝ፣ ምን ላድርግ!

ቤቱን ስከራይ የብረት እግር ያለው አሮጌ ጠረጴዛ ጥለውልኝ ነበር። ላዩ ቺፑድ ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ልጥለው ስል አንድ ሾውሩም ገብቼ የአዲሱን ዋጋ ሰማሁ። ወዲያው አሮጌው ቆንጆ ሆኖ ታየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እግሩን አስጭኜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ለማታውቁት፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። አንድ ባለሙያ እግሩን ከፍ አድርገው በየዱልኝ፣ ከሥሩ የላሜራ መደርደሪያ ጨመሩበት፣ ከአሮጌ ጋሪ የተፈቱ አራት ጎማዎች ገጠሙለት። ለላዩ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ አግኝቼ አስላግኩት። ብረቱን አንቲረስት፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ጣውላውን ደግሞ ቫርኒሽ። (ምክር፦ ቫርኒሹን ጠርዙንና የሥሩንም ቀቡት። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።)

ሒሳብ ላይ ስንደርስ ግን እንደ ልማዴ “ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ” አልኩ። “ልጄ፣ ብረቱም ኤሌክትሮዱም ጨምሯል። ያልጨመረው የኔ እጅ ነው” አሉኝ። እኔ ግን አስቀነስኩ።

ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉትን ለመረዳት ግን ቤት እስክገባ ቆየሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። የሾውሩሙ ኤምዲኤፍም፣ ማጠፊያውም፣ እጀታውም። የእኔ ብረትና ጎማ ግን ዶላራቸው የተከፈለው ድሮ ነው። አሮጌ ዕቃ ማደስ የሚረክሰው አንደኛ በዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደስ አይልም፦ የሠራተኛው እጅ ስለረከሰ ነው።

ሾውሩም ውስጥ ዋጋው ወረቀት ላይ ስለተለጠፈ ማንም አይከራከርም። ምናለሽ ተራ ግን ፊታችን ላቡን እያንጠፈጠፈ የሠራውን ሰው እንከራከራለን። እኔ ያስቀነስኩት ብር ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም፤ ማኪያቶውን ግን ቲፕ ጨምሬበት ነው የምከፍለው።

ደግሞ ሌላም አለ። ፎቶውን ስለጥፍ “የት ገዛሽው?” የሚለው ኮመንት ተደረደረ። “አሠርቼው ነው” ብዬ ዘለልኩት። ምናለሽ ተራ ማለት አፍሬ! ቤቴ ውስጥ የሚያምረውን ዕቃ የሠራውን ሰፈር ደበቅኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር ላሠራ ተመልሼ እሄዳለሁ። እሳቸው የጠሩትን እከፍላለሁ፣ የባለፈውንም እጨምራለሁ። እናንተም አሮጌ ጠረጴዛችሁን ከመጣላችሁ በፊት እግሩን እዩት፤ ደህና ከሆነ መርካቶ ይዛችሁት ሂዱ። በጣውላውና በብረቱ ተከራከሩ፣ መብታችሁ ነው። የእጁን ግን ክፈሉ። “የት ገዛችሁት?” ስትባሉም ሰፈሩን በስሙ ጥሩት።