የፕሮቲኑን መጠን ኪሎአችሁ ይወስን እንጂ ሻጩ አይወስን



አያት አካባቢ ወጣቱ ከሥራና ከትምህርት መልስ ጂም መግባቱ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ግን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ጡንቻ ለማውጣት በቀን ስንት ስኩፕ ልውሰድ? አሰልጣኜ ሦስት ብሎኛል።» አሰልጣኙ ዱቄቱን የሚሸጠውም እሱ ከሆነ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሚሸጥ ሰው መጠን መወሰን የለበትም። ዕቃው ቶሎ ባለቀ ቁጥር የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ከኪሱ የሚያወጣው ደግሞ ልጁ ወይም ቤተሰቡ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። በ2018 እ.ኤ.አ. 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ ወጥቶ ነበር። ክብደት የሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ካገኘ፣ ከዚያ በላይ መጨመሩ በአማካይ ተጨማሪ ጡንቻ አላመጣም። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 104 ግራም ማለት ነው፤ ያውም ምግቡን ጨምሮ!

አሁን ማዕዳችሁን ቁጠሩ። 3 እንቁላል 18 ግራም፣ 2 ብርጭቆ ወተት 16፣ 100 ግራም ምስር (ሳይበስል ተመዝኖ) 24፣ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 26 ያህል። ድምሩ 84 ነው። የጎደለው 20 ግራም ብቻ ሲሆን አንድ ስኩፕ ይሸፍነዋል። አንድ እፍኝ ቆሎና ትንሽ ሥጋ ከተጨመረ እሱም ላያስፈልግ ይችላል። ታዲያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስኩፕ የት ይሄዳል? ሰውነት ትርፍ ፕሮቲንን ለክፉ ቀን ብሎ አያስቀምጥም፤ ወይ ያቃጥለዋል ወይ ወደ ስብ ይቀይረዋል።

ለጿሚዎች፦ ዌይ ፕሮቲን ከወተት ስለሚሠራ የጾም አይደለም። እንቁላልና ወተቱ ሲቀሩ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር ጨምሩ፤ ካልበቃ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ ዱቄት አለ።

ክሬቲን ላይ ደግሞ «መጀመሪያ ሳምንት 20 ግራም ጫን» ይባላል። ግዴታ አይደለም። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ብትወስዱ በአንድ ወር ገደማ እዚያው ትደርሳላችሁ፤ ሆድ መነፋቱና ተቅማጡም ይቀንስላችኋል። ክሬቲን ከምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ፣ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ያለው አነስተኛ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክሬቲን የምትወስዱ ከሆነ የኩላሊት ምርመራ ስታደርጉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖም በደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒን ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ፕሪወርካውት ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። በብዙዎቹ ውስጥ ዋናው ነገር ካፌይን ነው፤ በአንድ ስኩፕ እስከ 300 ሚሊግራም የያዘ አለ። ለጤነኛ አዋቂ በቀን የሚመከረው ጣሪያ 400 ነው። እኛ ደግሞ ቡና ሦስቴ የምንጠጣ ሕዝብ ነን! ስኩፑ ላይ ጀበናው ሲደመር የልብ ትርታ መፍጠን፣ የደም ግፊትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ጡንቻ ደግሞ ያለ እንቅልፍ አያድግም።

ጂም ውስጥ በሹክሹክታ የሚቀርበው መርፌና ኪኒንስ? ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ሰፕሊመንት አይደሉም፤ ሆርሞን ናቸው። የዘር ፍሬን ያሟሽሻሉ፣ መውለድን ሊያግዱ ይችላሉ፣ ልብንና ጉበትን ይጎዳሉ። ለጡንቻ ብላችሁ ለምትወስዱት «ትክክለኛ መጠን» የለውም፤ እኔን አትጠይቁኝ።

የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከ18 ዓመት በታች ያላችሁ፣ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። የምትገዙትም መለያው ያልተቀደደ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ በላስቲክ ተከፋፍሎ ያልተቸረቸረ ይሁን። በላስቲክ የመጣ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ዛሬ ማታ ኪሎአችሁን በ1.6 አባዙ፣ የበላችሁትን ቀንሱ። የቀረው ቁጥር ነው የእናንተ መጠን። አብሯችሁ ለሚሠራ ጓደኛ ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛ!