ምድር ባቡር ያለፋት ከተማ

ባሕር ባለባቸው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ሙቀት ሲበረታባቸውና ሥራ ሲያደክማቸው ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ከእነርሱም እኩሌቶቹ ሕዝብ ወደሚጋፋበት፥ ዘፈንና ጫጫታ ሌሊቱን ሙሉ ወደማይቋረጥበት ታላቅ ከተማ ይሄዳሉ። እኩሌቶቹ ግን ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባትን፥ ማታ ሲሆን የማዕበል ድምፅ ብቻ የሚሰማባትን ትንሽ ከተማ ይመርጣሉ። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ምርጫው ግን በእርሷም ውስጥ አለ። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ይህንኑ ምርጫ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያገኘዋል።

በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት እንደ እሳት ሲያቃጥል፥ ብዙ ቤተ ሰቦች ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ወደ ድሬዳዋ ይወጣሉ። ሌላው ዓለም ዕረፍት ፍለጋ ወደ ባሕር ሲወርድ እነርሱ ዕረፍት ፍለጋ ከባሕር ይሸሻሉ። ድሬዳዋም የምትናቅ ከተማ አይደለችም። ሕዝቧ እንግዳ ተቀባይና ጨዋታ ወዳድ ነው፤ በከዚራ ሰፈር ያሉት ትልልቅ ዛፎችም ለመንገደኛ ጥላ ይሰጣሉ። ነገር ግን ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱ ይከብዳል፤ የመኪና ጥሩምባና የገበያ ግፊያም ሰውን እንዳደከሙት ያውላሉ። ሐረር ግን ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከደንገጎ ዳገት በላይ፥ ወደ 1,900 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዳገቱን መውጣት የማይሰለች ሰው በአንድ ቀን ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ይደርሳል።

ሐረር ጸጥ ያለችው ግን ወዳ አይደለም። አስቀድሞ የዚያ አገር የገበያ እናት እርሷ ነበረች። ቡናና ቆዳ የዝሆንም ጥርስ የጫኑ ግመሎች ከእርሷ ተነሥተው እስከ ዘይላ ወደብ ይወርዱ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ወደ እርሷ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፥ መሐንዲሶቹ የተራራውን ቁመት አይተው ሐዲዱን ከግርጌው ባለው ሜዳ አሳለፉት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከዚያ ሜዳ ደረሰ። አፄ ምኒልክም አዲሱን ሥፍራ አዲስ ሐረር ብለው ሰየሙት፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም። ያን ጊዜ ብዙ ነጋዴ ከነዕቃው ወደ ቆላ ወረደ። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ በሌላ ተተክቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ሐረርን አይነካም።

ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ አይወቀስም፤ ትርፍ ባለበት መዋል ሥራው ነው። ዕረፍት የሚሻ ሰው ግን የነጋዴውን ዱካ ተከትሎ በግርግር መካከል ቢያርፍ፥ ከቤቱ ይዞት የወጣውን ድካም መልሶ ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል።

የሐረር ዕረፍት የሚጀምረው ከበሯ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት እንዳሠራው የሚነገርለት የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጥንት በሮቹም አምስት ናቸው። በውስጡ ካሉት መንገዶች የሚበዙት ጠባቦች ስለ ሆኑ መኪና አይገባባቸውም፤ ስለዚህ ሀብታሙም ድኻውም በእግሩ ይሄዳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ አይቸኵልም፤ ጭነት የያዘች አህያ ስትመጣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ያሳልፋታል፥ ሽማግሌ ሲያገኝም ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። ከመንገዶቹ አንዱ እጅግ የጠበበ ነው፤ በእርቅም ስም ይጠራል፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ቢገናኙበት ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉምና። ልብስ ሰፊዎች የሚቀመጡበት ሌላው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ብዙ አውቶሞቢል የሚመላለስበት ይመስለዋል፤ ያ መኪና ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው።

የሐረሪዎች ቤት ከመንገድ ሲታይ ግንብ ብቻ ይመስላል። በሩን አልፎ ግቢውን ተሻግሮ የገባ ሰው ግን እርከን እርከን ሆኖ የተሠራ መደብ ያገኛል፤ ነደባ ይሉታል። እያንዳንዱ እርከን እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ለተቀማጩ የተለየ ነው። ግድግዳውም ሴቶች በሰፏቸው ልዩ ልዩ ቀለም ባላቸው ስፌቶችና በሳሕኖች ያጌጠ ነው። ከነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ።

ሆኖም ሐረር ሁልጊዜ ዝም ያለች ናት ማለት ውሸት ይሆናል። በፈረስ መጋላ አደባባይ የገበያተኛው ጩኸት ከየትኛውም ከተማ አያንስም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ የአካባቢውን መንገድ ሁሉ ይሞላዋል፤ በነዚያ ቀኖች ጸጥታ ፍለጋ ወደዚያ መሄድ በዝናብ ቀን ልብስ ለማስጣት እንደ መውጣት ነው። ሌሊትም ጅቦች ከግንቡ ውጭ ይጮኻሉ፤ በእጁ ሥጋ የሚያጐርሳቸው ሰው ስላለ ግን ከተማው እንደ ጎረቤት ለምዷቸዋል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ስለዚህ አንዳንድ እንግዳ ጸጥታዋን ሲወድ፥ «ይህች ከተማ እንዲህ እንዳለች ትኑር፤ አዲስ ነገር አይግባባት» ይላል። ይህ አሳብ ፍቅር ይመስላል እንጂ ፍቅር አይደለም። የሐረር ሰው ለሌላ ሰው መዝናኛ ሊሆን አልተፈጠረም። ከተማዪቱ ውሃ ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፥ ለመስኖ ብዙ ስለ ተቀዳና ደለል ስለ ሞላው በ1990ዎቹ ዓመታት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ በመካከሉ ግን ብዙ ቤተ ሰብ በውሃ ጥም ተቸግሯል። ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ እያየ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» የሚል እንግዳ ልጅቱን አላያትም። ግንብ የሚጠበቀው በውስጡ ሰው ተመችቶት ሲኖር ነው፤ ሰው ለቆት የሄደ ግንብ ይፈርሳል።

መልካም እንግዳ ግን ከበሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፥ አይሆንም ሲሉትም አይቀየምም። ሲመለስ ስፌት ሊገዛ ቢወድ፥ የሰፋችው ሴት ብዙ ሳምንት እንደ ደከመችበት ያስባል፤ ዋጋውን ስትነግረውም «በግማሽ ካልሸጥሽልኝ» ብሎ አይሟገታትም።