እናታችን ሌሊት ለምን ትነሣለች?

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ የተጠጋ እናት እኩለ ሌሊት ላይ ላብ አጥምቋት ትባንናለች፤ ጋቢዋን ገፍፋ፣ መስኮት ከፍታ ትቀመጣለች። ሲነጋ ልጆቿ «እማዬ ዘንድሮ ቁጡ ሆናለች» ይላሉ፤ ጎረቤትም ምች ነው ይላል። ዳሩ ግን ነገሩ ማረጥ ነው፤ የተማረ ወጣትም ይህን ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚያን ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠረው የአንጎል ክፍል ጥቂት ሙቀት በተሰማው ቍጥር ላብ ያፈልቃል። ወበቁም ለብዙዎች ዓመታት ይዘልቃል። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የምትወጣው በ60 ዓመቷ ስለሆነ፣ ወጣቱ ሹም ፊቷ ጠቆረብኝ የሚላት የክፍል ኃላፊ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ልትሆን ትችላለች።

አስቀድመን ስለ ቡና እንናገር። ካፌይን ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይገኛል። ማታ እንግዳ መጣ ተብሎ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ቡናን አንነቅፍም፤ ብንነቅፍም የሚሰማን የለም። ብቻ ወደ ጧት ይመለስ። ክፍሉ ይቀዝቅዝ፤ ልብሱ ስስ ጥጥ ይሁን፤ የመነሻው ሰዓትም በየቀኑ አንድ ይሁን።

ይህ ካልበቃ ወደ ሐኪም መሄድ ነው እንጂ የእንቅልፍ ኪኒን በራስ ፈቃድ መዋጥ አይገባም፤ ልማድ ይሆናልና። ሐኪሞች የሚያስቀድሙት የእንቅልፍን ልማድና ሐሳብ የሚያርመውን የምክር ሕክምና ነው። የሆርሞን መድኃኒትም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ብዙዎችን አስፈርቶ ነበር፤ በኋላ ነገሩ ሲመረመር ግን ከ60 ዓመት በታች ለሆኑና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ወበቁ ለሚያስቸግራቸው ሴቶች ባብዛኛው ጥቅሙ እንደሚያመዝን ታወቀ። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ላገኛት ሴት ግን በተለምዶ አይታዘዝም። የምታንኮራፋና ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ብትሆን፣ ይህም ከማረጥ በኋላ የሚበዛ ሕመም ነውና ለሐኪሙ ይነገር።

እናት ይህን ለወንድ ልጅዋ አፍ አውጥታ አትነግርም። እኅት ወይም አክስት ትጠይቃት፤ ወንዱ ልጅ ደግሞ ሐኪም ቤት ያድርሳት፣ ማታም ሬዲዮውን ዝቅ ያድርግላት።