የሌሊት መብራት ርካሽ ነው፤ ለሚያውቀው

ለንደን የምትኖር አክስት አለችኝ። ጥር ላይ ደወለችና "ጋዜጠኛ ልትሆኚ አይደል የምትማሪው? እስቲ ይሄን ነገር አጣሪልኝ" አለችኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ቤቷ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው። የመብራት ሂሳቧ ግን ከኅዳር ወዲህ ከደሞዟ ጋር እሽቅድምድም ይዟል። ቤቱን ለሚያስተዳድሩት ስታመለክት "አጠቃቀሙን ስላላወቅሽበት ነው" ብለው መለሷት።

እኔ ስለ ማሞቂያ የማውቀው ከሰልና ጋቢ ብቻ ስለነበር ማንበብ ጀመርኩ። የሷ ማሞቂያ "ስቶሬጅ ሂተር" ይባላል። ሆዱ ውስጥ ከባድ ጡቦች አሉ። ሌሊት ኤሌክትሪክ ሲርስክ ጡቦቹ ይግላሉ፤ ቀን ደግሞ ያጠራቀሙትን ሙቀት ቀስ እያሉ ይለቃሉ። የእንጀራ ምጣዳችን ከተነቀለ በኋላ የመጨረሻዋን እንጀራ እንደሚያበስለው ማለት ነው። እንግሊዞች "ኢኮኖሚ 7" የሚሉትን ታሪፍ ያመጡት በ1978 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። የድንጋይ ከሰልና የኑክሌር ጣቢያዎች ሌሊት ሰው ሲተኛ እንዲህ በቀላሉ አይጠፉም ነበር፤ ስለዚህ ለሰባት ሰዓት በርካሽ ይሸጣል። በምትኩ የቀኑ ዋጋ ከተራው ታሪፍ ከፍ ይላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሌሊት መጠቀም የነበረበት ዕቃ ቀን ከሠራ ቅናሽ ቀርቶ ቅጣት ነው።

ለዚህም ነው የሽቦው ዝርጋታ የሚለየው። አንድ ትልቅ ማሞቂያ 3.4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ230 ቮልት ወደ 15 አምፔር ነው። ሦስቱ ባንድ ሰዓት ሲነሱ ከ44 አምፔር ያልፋል። ስለዚህ ሶኬት ላይ አይሰካም። እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ኖሮት ሌሊት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሳጥን ላይ ይታሰራል። ሳጥኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ቆጣሪው ወይም ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ነው።

እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን የሚገርመን ደግሞ ይኸው፦ ለአርባ ዓመታት ያህል ብዙ ቤቶች ውስጥ ይህን ማብሪያ ያዘው የነበረው ሬዲዮ ነው! የቢቢሲ ሬዲዮ 4 በ198 ኪሎኸርዝ ረጅም ሞገድ ዜና ሲያሰማ ጆሮ የማይሰማው ምልክት አብሮ ይልክ ነበር። ይህ አገልግሎት ከሰኔ 30 ቀን 2025 ጀምሮ በየአካባቢው መዘጋት ስለጀመረ አሮጌዎቹ ቆጣሪዎች በአዲስ መተካት ነበረባቸው። የአክስቴም ቆጣሪ በዚያው መኸር ተቀይሯል።

ጠረጠርኩ። "እትዬ፣ ጠዋት ስትወጪ ፍሪጁ ብቻ ይቅር፤ የቆጣሪውን ሁለቱንም ቁጥር ፎቶ አንሺ፤ ማታ ስትመለሺ ድገሚው" አልኳት። ርካሹ ሰዓት በሷ ሰፈር ከሌሊቱ 6፡30 እስከ ጠዋቱ 1፡30 ነው። እሷ የምትወጣው 2 ሰዓት፣ የምትመለሰው ማታ 12 ሰዓት ነው። ሰው በሌለበት ቤት የቀኑ ቁጥር በ13 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሮ ተገኘ! ፍሪጅ ይሄን አይበላም። ፎቶዎቹን ይዛ ስትሄድ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ተላከላት፤ የማሞቂያው ሽቦ 24 ሰዓት ኃይል ባለው መስመር ላይ ታስሮ ተገኘ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

"መመሪያውን አታነብም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ይነበብ፣ እስማማለሁ። ግን መመሪያው ጉልበቱን ስለ ማዞር እንጂ ሽቦው የት እንደታሰረ አይናገርም። ቋንቋው የሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ የጽዳት ሠራተኛ "አታውቂበትም" ስትባል ዝም ትላለች። ብዙዎች ዝም ብለው ይከፍላሉ። ያላወቁ አለቁ ይሏል ይሄ ነው።

እኛስ አገር? የቤት ታሪፋችን የሚለየው በፍጆታ መጠን እንጂ በሰዓት አይደለም። የኛ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ ግድቡ ውኃውን ሌሊት ይዞ ሊያድር ይችላል፤ የእንግሊዝን ታሪፍ እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። ሆኖም ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው ምጣድ ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ሰዓት ሲሰካው ትራንስፎርመሩ እንደሚጨነቅ ሁላችንም በጨለማ አውቀነዋል። አንድ ቀን የሰዓት ታሪፍ ቢመጣ ግን፣ አዲሱን ዋጋ ብቻ አንብቦ የሚሄድ ዜና እናቶቻችንን አይጠቅምም።

እኔ የምለው፣ ዜና ማለት ሚኒስትር የተናገረው ብቻ አይደለም። ቆጣሪ እንዴት እንደሚነበብ ማስረዳትም ዜና ነው። አክስቴን ያዳናት ትልቅ ጽሑፍ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ናቸው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቆጣሪያችሁን እዩት። ለእናታችሁም አሳዩአት።