«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ጅግጅጋ ውስጥ ኮምፒውተር እምቢ ሲል መድኃኒቱ አንድ ብቻ ይመስላል፤ «ፎርማት ይደረግ!» ማሽኑ ስታክ ቢያደርግ ፎርማት፣ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ቢል ፎርማት፣ አማርኛው ተገለባብጦ ቢወጣም ፎርማት። በከተማችን ብቻ ሳይሆን በቀብሪበያህም በቶጎጫሌም ባሉ የጽሕፈት ቤቶች የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ፎርማት ጥገና ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ማስረጃውን ማቃጠል ነው። ውድ አንባቢያን፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ ይሄ የቴክኒሽያን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራችን ጉዳይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ለተግባር ልምምድ ስለ ውኃ ጉድጓዶች የሚናገሩ የቆዩ ሪፖርቶችን ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ፋይሉ ተገኘ፤ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ሆነ። ሠራተኛው በትሕትና፣ «ወላል፣ ይሄማ ቫይረስ የበላው ነው፤ ነገ ፎርማት ይደረጋል» አለኝ። አንዱን ፋይል በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። በዎርድ ስከፍተው ከላይ የፎንቱ ስም ተጽፏል፤ ፎንቱ ግን ማሽኑ ላይ የለም። አንዲት የቆዩ የኮምፒውተር ጸሐፊ ዘንድ ፎንቱን አገኘሁና ጫንኩት። ጽሑፉ ከነሰንጠረዡ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ስመለስ ግን ማሽኑ ታጥቦ፣ በዚያው ፎልደር የነበሩት የሌሎች ዓመታት ሪፖርቶች አብረው ሄደው ጠበቁኝ። በየትኛው ቀበሌ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተቆፈረ ከዚያ ማሽን የሚነግረን የለም።

ይህ ችግር ከየት መጣ? ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዶስ ለፕሮግራሞች የሚተወው የማስታወሻ ቦታ ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። በዚያች ጠባብ ክፍል የማውሱም የኪቦርዱም ፕሮግራም ከዋናው ሥራ ጋር ይተፋፈጋሉ። ሁለት ፕሮግራሞች ከጀርባ ተቀምጠው አንዱን ቁልፍ እኔ ልቀበል እኔ ልቀበል ከተባባሉ ማሽኑ ድርቅ ይላል። የድምፅ ካርዱና ፕሪንተሩም አይ.አር.ኪው. 7 በሚባለው አንድ መስመር እንዲጠሩ ከተደረጉ ይጋጩ ነበር።

ዊንዶውስ ሲመጣም ግጭቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ዲ.ኤል.ኤል. የሚባሉ ፋይሎች ነበሩ። አዲስ የተጫነው ፕሮግራም የራሱን ቅጂ በነባሩ ላይ ሲገለብጥ፣ ትናንት በሰላም ይሠራ የነበረው ሌላው ፕሮግራም ይወድቃል። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1998 ቺካጎ ላይ ዊንዶውስ 98 ለሕዝብ ሲታይ፣ ስካነር ገና እንደተሰካ ቢል ጌትስ በመድረኩ ላይ ቆመው ሳለ ሰማያዊው የስህተት ገጽ ድቅን አለ። ስለዚህ ማሽን መውደቁ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ለምን ወደቀ ብሎ አለመጠየቅ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የፊደል ጣጣ ተጨመረ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይሰጣል፤ አንድ ባይት ደግሞ 256 ቁጥሮች ብቻ ነው ያሉት። የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ 224 ይቀራሉ። የአማርኛው ገበታ 33 ሲባዛ በ7፣ ማለትም 231 ነው። እነ ቧ እና ሟ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ፊደላችን በአንድ ፎንት አልገባ አለ። ሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዳሸን፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያሉ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡልን። ክብር ይገባቸዋል። ችግሩ የጋራ ሠንጠረዥ አለመኖሩ ነው። በአንዱ ሶፍትዌር «ሰ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ይሆናል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጋራው ሠንጠረዥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየሃርድ ዲስኩ እንዳለ አለ። ብዙ ሰው ደግሞ በለመደው በአሮጌው መጻፉን አልተወም።

እዚህ ላይ የጅግጅጋን ነገር ላንሳ። በዶርም አብረውኝ ያሉ የሶማሊኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ፣ «የእናንተ ፊደል ኮምፒውተር ያሳብዳል» እያሉ ይስቁብኛል። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ስለሚጻፍ የቆየ የሶማሊኛ ፋይል በየትኛውም ማሽን ይነበባል። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ዲስክ ላይ የሶማሊኛው ቅጂ ደህና ሆኖ የአማርኛው ዝባዝንኬ ሲሆን ሰው «አማርኛው ተበላሽቷል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አልተበላሸም። ቁልፉ ነው የጠፋው። ቤቱ ግን አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዘዴው ዘጋቢ ከሚሠራው ሥራ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ የስህተት መልእክቱን ቃል በቃል ጻፍ። «አንድ ነገር ብሎ ጠፋ» ማለት ምንጩን ሳይዙ ዜና እንደመሥራት ነው። ሁለተኛ፣ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደተለወጠ ጠይቅ፤ አዲስ ፕሮግራም ተጭኗል? አዲስ ፕሪንተር ተሰክቷል? ሦስተኛ፣ ሁሉንም አጥፋና አንድ በአንድ መልስ። ይህን የዶስ ሰዎችም ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ኤም.ኤስ. ዶስ 6 ኤፍ 8ን ተጭኖ የመነሻ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ይቻል ነበር። የዊንዶውስ ሴፍ ሞድም ሐሳቡ ያው ነው። አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሦስት ነገር ለውጠህ ቢስተካከል የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።

ምሳሌ ልስጥ። በአሮጌ ፎንት ሲጻፍ ዎርድ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ፊደል ይቀይራል እያሉ የሚማረሩ አሉ። ዎርድ ፎንቱን ሳይሆን ቁጥሩን ስለሚያይ ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ትልቁ የለወጠ መስሎት ነው። አውቶኮሬክት ሲጠፋ ችግሩ ይቆማል። ሁለት የአማርኛ መጻፊያ አብረው ተከፍተው ፊደል ሲደራረብም አንዱን መዝጋት ይበቃል። ማሽኑ በራሱ ጊዜ እየጠፋ ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩን ከመክሰስ በፊት መብራቱንና በማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ ማየት ነው። ለዚህ ሁሉ ፎርማት ምን አገባው?

ቴክኒሽያኖቹም መልስ አላቸው። አንዱን ስጠይቀው፣ «ምክንያቱን ስፈልግ ቀኑን ሙሉ ብውል ማን ይከፍለኛል? ፎርማት በሰዓት ያልቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ማሽኑ ስለተነሣለት እንጂ ምክንያቱ ስለታወቀለት አይደለም። በቫይረስ የተወረረ ማሽንም ፎርማት የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ አላልኩም። ከእሱ በፊት ግን ፋይሉ ይገልበጥ፣ ፎንቱም አብሮ ይገልበጥ። ያለ ፎንቱ የተገለበጠ አሮጌ የአማርኛ ፋይል ግማሽ ፋይል ነው። ፒ.ዲ.ኤፍ. ማድረግም መልኩን ብቻ ያተርፋል፤ ከውስጡ ጽሑፍ ለመቅዳት ሲሞከር ያው ዝባዝንኬ ይመለሳል። ዘላቂው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

ለክፍላችን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በኮምፒውተር ትምህርታችን ውስጥ ብልሽትን ለማጣራት አንድ ሳምንት ይመደብ፤ በላቡም በየማሽኑ አጠገብ መቼ ምን እንዳለና ምን እንደተደረገለት የሚጻፍበት ደብተር ይቀመጥ። ደብተር ውድ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሮጌዎቹ የአማርኛ ፎንቶች በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ ለልምምድ በየመሥሪያ ቤቱ የምንወጣ ተማሪዎችም ያልተከፈተ የአማርኛ ፋይል ስናገኝ ባለቤቱን አስፈቅደን ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ። መሥሪያ ቤቶቹ ሰነዳቸውን ያተርፋሉ፤ እኛም ያለ ሰነድ ዜና ከመሥራት እንድናለን።

የቆየ ሰው እንዲህ ያለው ፋይል ውስጥ ስንት ቀን ተቀምጦ ጽፏል። የውኃ ጉድጓድ ቆጥሯል፣ የተማሪ ስም መዝግቧል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይዟል። ያ ሁሉ «ይሄማ ቫይረስ ነው» በሚል አንድ ቃል ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው አጠገባችሁ «ፎርማት ይደረግ» ሲል ብትሰሙ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ «ፎንቱ ማን ይባላል?»

ቸር ይግጠመን።